ለሚጮህ ጆሮ የቱ ይሻላል? መስሚያ መርጃ፣ የንግግር ሕክምና ወይስ በግል የተለካ ማግኔት

ማታ መብራቱ ሲጠፋና ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮ ሥራውን ይጀምራል። አንዱ ሰው ጋ እንደ ቀጭን ፉጨት «ሲ» ይላል። ሌላው ጋ ጭው ነው። ለሌላው ደግሞ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ይመስለዋል፤ ተነሥቶ ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅላል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ትራስ ቢገለብጡ፣ ጎን ቢቀይሩ ለውጥ የለም። አጠገብዎ የተኛውን ሰው ቢጠይቁት «ኧረ ምንም አይሰማኝም» ይልዎታል። እውነቱን ነው።

ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። እኛ ጆሮዬ ይጮኻል እንላለን። 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ተብሎ ይያዛል። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህ ድምፅ እንደሚሰማቸው፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ደግሞ እንደ ትልቅ ችግር እንደሚያዩት ገምቷል። ይህን ያህል ሰው መፍትሔ ሲፈልግ ሻጩም ይበዛል። ጠብታ አለ፣ ክኒን አለ፣ የስልክ መተግበሪያ አለ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ አለ። አሁን ደግሞ «ለእርስዎ አንጎል ብቻ የተለካ» የማግኔት ሕክምና መጥቷል።

እዚህ እነዚህን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። በግል የተለካው ማግኔት ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አካሄዱም ትክክል ይመስለኛል። ግን ገና በጥናት ላይ ያለ ጥያቄ እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና አልሆነም። ሌሎቹን ሳይሞክሩ እዚያ መጀመር ገንዘብንም ተስፋንም ቶሎ ይጨርሳል።

ምርጫ ውስጥ ሳይገቡ

አንዳንዱ የጆሮ ጩኸት ጨርሶ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ድምፁ ከልብ ምትዎ ጋር እኩል «ዱብ ዱብ» ወይም «ሿ ሿ» የሚል ከሆነ የደም ሥር ምርመራ ያስፈልገዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነም እንዲሁ መመርመር አለበት። መስማትዎ ድንገት በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከቀነሰ «ነገ ያልፍልኛል» ብለው አይተኙ። ያ አስቸኳይ ነው፤ ሕክምናው ሲዘገይ ውጤቱ ይቀንሳል። ከባድ የራስ መዞር፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለም በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሌላው ደግሞ ቀላል ነው። የጆሮ ኩክ ጠጥሮ ቀዳዳውን ደፍኖት ይሆናል። የሚወስዱት መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን፣ ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ጆሮን ሊያስጮኹ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪምና ወደ መስማት ምርመራ ክፍል ነው። ይህን ሳይጠይቅ ማግኔቱን የሚያቀርብልዎ ቦታ ካጋጠመዎ ተመልሰው ይውጡ።

ድምፁ ጆሮ ውስጥ ነው እንዴ?

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጆሮ ውስጥ ነው፣ የሚኖረው ግን አንጎል ውስጥ ነው። ከእርጅና ወይም ከከባድ ጩኸት የተነሣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ይጎዳሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይሳሳል። አንጎልም የራቀ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ጣቢያው የለም፣ የሚሰማው ሽሽታው ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምና የመስማት ነርቫቸው ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ጩኸቱ የቀጠለባቸው ሰዎች አሉ። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱን እንደሚያመው ዓይነት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ1953 ሁለት ተመራማሪዎች ጤናማ መስማት ያላቸውን 80 አዋቂዎች አንድ በአንድ ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጠው «ምን ይሰማሃል?» ብለው ጠይቀው ነበር። 94 በመቶዎቹ የሆነ ድምፅ ሰምተዋል። ማለትም የሽሽታው ጉዳይ የሁላችንም ነው። የሚለያየን ድምፁ ከበስተጀርባ መቅረቱና ፊት ለፊት መጥቶ መቆሙ ነው።

ማግኔት ወደ አንጎል የሚመጣበት ምክንያትም ይኸው ነው። ቁልፉ አንጎል ውስጥ ከሆነ ለምን እዚያው ሄደን አንነካውም?

መጀመሪያ አንድ መለኪያ እንያዝ

«ይሠራል» የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ድምፁ ራሱ ቀነሰ ማለት ነው። ሌላው ድምፁ እንዳለ ነው፣ ግን ማስጨነቁ ቀነሰ ማለት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ማስታወቂያ ደግሞ ሁለቱን መቀላቀል ይወዳል።

ጥናቶች በብዛት የሚለኩት ሁለተኛውን ነው። መጠይቅ አለ፤ «በድምፁ ምክንያት እንቅልፍ ያስቸግርሃል?» «ማንበብ ያቅትሃል?» እያለ ይጠይቅና ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ከ1996 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት አንዱ መጠይቅ ላይ ውጤቱ በ7 ነጥብ ያህል ሲቀንስ ሰውየው ራሱ የሚያስተውለው ለውጥ ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ ቦታ «ታካሚዎቻችን ተሻሽለዋል» ሲልዎ በስንት ነጥብ እንደሆነ ይጠይቁ። 3 ነጥብ ወርዶ ከሆነ ጥሩ ቀን ላይ መሞላቱም ሊሆን ይችላል።

መስሚያ መርጃ

መስማትዎ ከቀነሰ ከሁሉ በፊት ይህ ነው። የሚያጓጓ ነገር የለውም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለውም ለዚህ ይመስለኛል። «እኔ የመጣሁት ለጩኸቱ ነው እንጂ መቼ ደነቆርኩ አልኩ?» የሚል ብዙ ነው። ግን አንጎል ድምፁን ከፍ ያደረገው መልእክት ስላጣ ከሆነ መልእክቱን መመለስ ስሜት ይሰጣል። ውጭ ያለው ድምፅ ሲጎላ የውስጡ ይደበዝዛል። ሰውን ለመስማት የሚደረገው ትግልም ይቀንሳል፤ ከዚያ ጋር ድካሙና ንዴቱ ይወርዳል። በ2014 የወጣው የአሜሪካ የከአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ የመስማት መቀነስና የሚያስጨንቅ ጩኸት ላለው ሰው የመስሚያ መርጃ ምዘና እንዲደረግለት ይመክራል።

መስማታቸው በጣም ለወደቀ ሰዎች በቀዶ ሕክምና የሚገባው ኮክሊያር ኢምፕላንት አለ። ለብዙዎቹ ጩኸቱንም ይቀንስላቸዋል። ግን የሚሠራው ለመስማት ተብሎ ነው፤ ለጩኸት ብቻ ብሎ የሚገባበት አይደለም።

የድምፅ ሕክምና ቀለል ያለው ዘመድ ነው። የዝናብ ድምፅ፣ ፋን፣ በዝቅታ የተከፈተ ሬዲዮ። ጸጥታን ማጥፋት ነው ዓላማው። ለእንቅልፍ ሰዓት ጠቃሚ ነው፣ ጉዳትም የለውም። ድምፁ ጩኸቱን እስኪውጥ ድረስ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ከጎኑ እንዲቀመጥ ማድረግ ይበቃል።

የንግግር ሕክምና

በማስረጃ ብዛት ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ 28 ጥናቶችንና 2733 ሰዎችን ሰብስቦ አይቷል። ሕክምና ሳያገኙ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ሲተያይ በመጠይቁ ላይ ወደ 11 ነጥብ ያህል መቀነስ አግኝቷል። ከ7ቱ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህ ሲነገረው ይከፋዋል። «እብድ ነህ ልትሉኝ ነው?» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። የሚሰማውን ነገር እየተናገረ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲላክ ያልታመነ ያህል ይሰማዋል። ሕክምናው ግን ድምፁ የለም አይልም። የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ጩኸቱ ሲነሣ «በቃ፣ ዛሬም አልተኛም፣ ነገ ሥራ ላይ እወድቃለሁ» የሚለው ሐሳብ ይከተላል። ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይነቃል፣ የነቃ አንጎል ደግሞ ድምፁን የበለጠ ያሳድዳል። ሕክምናው ያንን ሰንሰለት ነው የሚበጥሰው። ድምፁን ራሱን ይቀንሳል ብሎ አይምልም፤ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ብሎ ከማለልዎ እሱን ይጠርጥሩ።

ክኒኑስ?

ባጭሩ፦ ለጆሮ ጩኸት ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። የ2014ቱ መመሪያ ጊንኮ ቢሎባን፣ ሜላቶኒንን፣ ዚንክንና ሌሎች ማሟያዎችን ለዚህ ጉዳይ አይመክርም። በብዛት የሚታዘዘውን ቤታሂስቲን የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2020 ለጩኸት ብቻ ተብሎ እንዳይሰጥ ብሏል። ድብርት ወይም ጭንቀት አብሮ ካለ እሱን ማከም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ተገቢ ነው።

ምላስ ላይ የሚቀመጠው

ሌኒር ይባላል። በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ እያሰማ በምላስ ላይ ለስለስ ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣል። ቤት ውስጥ ለ12 ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚሠራበት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፈቅዶታል። በ2020 የወጣው ትልቁ ጥናት 326 ሰዎችን የያዘ ነበር፤ መሻሻልም አሳይቷል። ያወዳደረው ግን የመሣሪያውን የተለያዩ አሠራሮች እርስ በእርስ ነው። ማስመሰያ፣ ማለትም እውነተኛውን የሚመስል ግን የማይሠራ ሕክምና የሚሰጠው ቡድን አልነበረውም። ይህችን ነጥብ ይያዟት፣ ወደ ማግኔቱ ስንሄድ ትመለሳለች።

አሁን ማግኔቱ

አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በሼፊልድ፣ እንግሊዝ በ1985 ነው ያሳዩት። ጥቅል ሽቦ ራስ ላይ ይደረጋል፤ በውስጡ ለቅጽበት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያልፋል። የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ የራስ ቅልን ያልፍና ከሥሩ ባለው አንጎል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል። ቀዶ ጥገና የለም፣ ማደንዘዣም የለም። ደጋግሞ ሲሰጥ የዚያን ቦታ እንቅስቃሴ ማብረድ ወይም ማነቃቃት ይችላል። በሰከንድ 1 ምት ቀስ ብሎ ሲሆን ያበርዳል፣ ሲፈጥን ያነቃቃል ተብሎ ነው በጥቅሉ የሚታሰበው። ሰው ሁሉ ላይ ግን እንዲያ አይሆንም።

ወንበሩ ላይ ምን ይመስላል? የጥርስ ሐኪም ወንበር የመሰለ ላይ ይቀመጣሉ። ጆሮዎ ይደፈናል። ባለሙያዋ ስምንት ቁጥር የመሰለውን ጥቅል ሽቦ ከራስዎ ጎን ታስጠጋለች። ቀጭ! ልክ በጣት ራስዎን የኮረኮሙዎት ያህል ይሰማዎታል። ሽቦውን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰች እጅዎን ታያለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ አውራ ጣትዎ ሳያዙት ብድግ ይላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይስቃል ወይም ይደነግጣል። ከዚያ ኃይሉን እየቀነሰች ከ10 ምት 5ቱ ብቻ ጣትዎን የሚያነሡበትን መጠን ትፈልጋለች። የእርስዎ መለኪያ እሱ ነው። ሕክምናው የሚሰጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው፤ ለምሳሌ በ110 በመቶ። በሰከንድ 1 ምት 2000 ምት ለመስጠት 33 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ በየሥራ ቀኑ ለ2 ሳምንት ይደጋገማል።

ማስረጃው እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል። በ2015 በፖርትላንድ፣ አሜሪካ ከአንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የወጣ ጥናት 64 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። እውነተኛውን ማግኔት ካገኙት 32 ሰዎች 18ቱ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 32 ሰዎች 7ቱ ተሻሻሉ። 56 በመቶ ለ22 በመቶ ማለት ነው። ደስ ይላል። ከ2 ዓመት በኋላ በጀርመን በብዙ ማዕከላት የተካሄደ፣ ከ140 በላይ ታካሚዎች የተገመገሙበት ጥናት በግራ ጎን በሰከንድ 1 ምት ለ10 ቀን ሞከረ። እውነተኛው ከማስመሰያው አልበለጠም። የ2014ቱ የአሜሪካ መመሪያ ቀድሞውኑ በመደበኛነት እንዳይሰጥ መክሮ ነበር። ለድብርት ከ2008 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ይህ ሕክምና ለጆሮ ጩኸት እንዲህ ያለ ፈቃድ አላገኘም።

ለምን ተለያየ? አንዱ ምክንያት ቦታው ነው። የመስማት ዋናው ክፍል ላይ ላዩን የተቀመጠ አይደለም፤ በአንጎል ጎን ባለው ጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል። ስምንት ቁጥሩ ሽቦ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚደርሰው ወደ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌላው ምክንያት ጩኸቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ በመድረክ ስፒከር ጆሮውን የጎዳ ሙዚቀኛ ነው፣ ሌላዋ ከአንገት ጉዳት በኋላ የጀመራት ሴት ናት። ለሁለቱም አንድ ቦታ፣ አንድ ፍጥነት፣ አንድ መጠን መስጠት አንድ ቁጥር ጫማ ለሰፈሩ ሁሉ እንደ ማደል ነው። «በግል የተለካ» የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው።

«በግል የተለካ» ሲሉ የቱን ማለታቸው ነው?

ጠንቀቅ የሚባለው እዚህ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ነው።

ዝቅተኛው ኃይሉን መለካት ነው፤ ያ የአውራ ጣቱ ነገር። ይህ ለሁሉም ሰው የሚደረግ ተራ አሠራር ነው። ይህን ብቻ አድርጎ «በግል የተለካ» ብሎ የሚያስከፍል ቦታ ልብስ ሰፊው ወገብዎን ስለለካ ብቻ ተጨማሪ እንደጠየቀዎት ይቁጠሩት።

ቀጥሎ ያለው ቦታውን መለካት ነው። በድሮው አሠራር ባለሙያው የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለክቶ ይገምታል። በአዲሱ መጀመሪያ ኤም አር አይ ይነሣሉ። ከዚያ ግንባርዎ ላይ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ኳሶች ያሉት ማሰሪያ ይደረጋል፣ ካሜራ ያያቸዋል፣ ሽቦው በራስዎ አንጎል ሥዕል ላይ የት እንዳለ ስክሪን ላይ ይታያል። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። ቢያንስ ዛሬ የተመታው ቦታና ነገ የሚመታው አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። ግን ቦታውን በትክክል ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ቦታው ትክክለኛው መሆኑ ሌላ።

ሦስተኛው በመሞከር መለካት ነው። በዚህ የሬገንስበርግ፣ ጀርመን ተመራማሪዎች ይታወቃሉ። ዋናው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት አጫጭር ሙከራ ይደረጋል። ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት ለፊት፤ ቀስ ያለ፣ ፈጠን ያለ። ከእያንዳንዱ በኋላ «አሁን ድምፁ እንዴት ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። የቀነሰልዎ ይመረጥና ለቀናት ይሰጥዎታል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ከራስዎ ነው የሚመጣው። ችግርም አለው። ማግኔቱ ሲመታ ራሱ ጮክ ብሎ ይቀጫል። ከባድ ድምፅ ከሰሙ በኋላ ጩኸቱ ለአጭር ጊዜ ዝም ማለቱ ደግሞ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ የቀነሰው ከማግኔቱ ነው ወይስ ከቀጭታው? በጥሩ ጥናት ላይ ድምፁን ብቻ የሚያሰማ ማስመሰያም በሙከራው መሐል ይገባል። ደግሞም በሙከራው ምንም ለውጥ የማይሰማቸው ሰዎች አሉ። ያ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው፤ ሐቀኛ ቦታ እዚያ ላይ «ይህ ለእርስዎ አይመስልም» ይላል።

አራተኛው በጣም ዘመናዊው ነው። ተኝተው ምንም ሳይሠሩ ኤም አር አይ ይነሣሉ። ኮምፒዩተር የአንጎልዎን ክፍሎች እርስ በእርስ ግንኙነት ይሥላል። ከዚያ ከጤናማ ሰዎች ሥዕል ጋር አስተያይቶ የወጣ የገባውን ግንኙነት ይፈልጋል፤ ማግኔቱም እዚያ ላይ ይነጣጠራል። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቦታ ይመረጣል፣ የመስማት ክፍል ብቻም አይደለም። ጩኸት የትኩረትና የስሜት ጉዳይም ስለሆነ ይህ ያስኬዳል። ሥዕሉም ሲታይ ያምራል፤ በቀለም ያሸበረቀ አንጎል አይቶ ልቡ የማይሸነፍ ማን አለ?

ግን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ2016 የወጣው ታዋቂ የአንጎል ካርታ በያንዳንዱ ጎን 180፣ በድምሩ 360 ክፍል አለው። 360 ክፍሎች እርስ በእርስ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ 64,620 ግንኙነት ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ከአማካዩ ወጣ ያለ ነገር የማይገኝበት አንጎል የለም፤ ጆሮው የማይጮኸውም ሰው ላይ ይገኛል። የተገኘው ልዩነት የጩኸቱ ምክንያት መሆኑን ማሳየት የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው። በተመረጠው ቦታ የታከሙትን፣ በተለመደው ቦታ የታከሙትንና ማስመሰያ ያገኙትን ማወዳደር ነው። እኔ ያየኋቸው የዚህ ዓይነት የጆሮ ጩኸት ሪፖርቶች ጥቂት ሰዎችን የያዙና ማስመሰያ የሌላቸው ናቸው። በፖርትላንዱ ጥናት ማስመሰያ ብቻ አግኝተው ከ5 ሰው 1 በላይ መሻሻሉን አይተናል። ያለ ማስመሰያ የሚነገር ስኬት ስንቱ የማግኔቱ፣ ስንቱ የተስፋው እንደሆነ አይለይም።

«ለድብርትስ ሠርቶ የለ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሠርቷል። በስታንፎርድ የተሠራው ሴይንት የተባለ አካሄድ በኤም አር አይ ቦታ መርጦ፣ በቀን 10 ጊዜ ለ5 ቀን ብቻ ይሰጣል፤ በ2022 ተፈቅዷል። እዚያ ግን የሚፈለገው ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በግንባር ግራ በኩል ያለ ክፍል ነው፣ ከአንጎል ወለል ቅርብ፣ ያለ መለካትም ሲመታ ይረዳ የነበረ። መለካቱ የሚሠራውን ነገር አሳመረው። ለጆሮ ጩኸት ገና የማያከራክር ቦታ የለንም።

ጉዳቱስ?

ከብዙ ነገር ይሻላል። የራስ ምታት፣ የራስ ቆዳ ሕመም፣ ሲመታ የመንጋጋ ወይም የዓይን ጥግ መርገብገብ የተለመደ ነው፤ ያልፋል። መንዘፍዘፍ ሊያስነሣ ይችላል፣ ግን በጣም ብርቅ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ያንን የሚያባብስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በራሱ ውስጥ ብረት ያለው፣ በአንጎል ደም ሥሩ ላይ የብረት መቆንጠጫ የተደረገለት ወይም ኮክሊያር ኢምፕላንት ያለው ሰው ለዚህ ሕክምና አይሆንም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለውም ሐኪሙን ሳያማክር አይቀመጥ።

ለጆሮ ጩኸት ሰው ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ቀጭታው ሽቦው አጠገብ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። የጆሮ መድፈኛ ያልሰጠዎ ቦታ ላይ አንድ ምት እንኳ አይቀበሉ። ባለሙያው «ትንሽ ናት፣ ችግር የለውም» ቢል እንኳ ይነሡ። ጩኸቱ የባሰባቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ አድርገው ልጆቹ «ቀንሺው» የሚሏቸው እናት ጆሯቸው ከጮኸ መስሚያ መርጃ ይሞክሩ፣ ቢያንስ 3 ወር። ሳምንት አድርጎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ሙከራ አይደለም። መስማቱ ደህና ሆኖ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁን የሚፈራ ወጣት ደግሞ የንግግር ሕክምናውና የማታ ድምፅ ይቅደሙለት። ጩኸቱ ሲመጣ መኖር ያስጠላኝ ጀመር የሚል ሰው ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገር፤ የጆሮውን ጉዳይ ወረፋ መጠበቅ የለበትም። ከባድ ድብርት አብሮ ያለበት ሰው ላይ ማግኔቱ በሌላ በር ሊገባ ይችላል። ለድብርቱ በተፈቀደው መንገድ ይታከማል፤ ጩኸቱ አብሮ ቢቀልለት ትርፍ ነው።

እነዚህን በቅጡ ሞክሮ፣ ዓመት አልፎት፣ አሁንም ያልተሻለው ሰው አለ። በግል የተለካው ማግኔት ለእሱ ነው፤ ቢቻል በጥናት ውስጥ። በጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፣ የሚከታተል ኮሚቴ አለ፣ ማስመሰያ የመድረስ ዕድልም አለ። ማስመሰያውን ብዙ ሰው አይወድም። በአንዳንድ ጥናት ግን ማስመሰያ የደረሰው በኋላ እውነተኛውን እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ሲመዘገቡ ይህን ይጠይቁ።

በክፍያ የሚገቡ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት የሚጠየቅ ጥቂት ነገር አለ። የምትለኩት ምኑን ነው? ኃይሉን፣ ቦታውን፣ ፍጥነቱን ወይስ የአንጎሌን ግንኙነት? ቦታውን ሳትመርጡልኝ በተለመደው ቦታ ብትመቱኝ ኖሮ ውጤቱ ምን ያህል ይለይ ነበር፣ አወዳድራችኋል? ከመጀመሬ በፊት መጠይቅ ታስሞሉኛላችሁ? ከ3 ወር በኋላስ? ከስንተኛው ቀን በኋላ ለውጥ ካልታየ ታቆማላችሁ፣ የቀረው ገንዘቤስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲጠይቁ የፊታቸውን ሁኔታ ልብ ብለው ይዩ። መጠይቁንም ቤት ይሙሉት፣ በተለያዩ ሦስት ቀናት፣ አንዱን በደህና ቀን፣ አንዱን በመጥፎ ቀን። ሕክምናው ሲያልቅ የሚያወዳድሩት ነጥብ በእጅዎ ይኑር፣ በእነሱ ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም።